አየር ላይ የተለካ አንቴና አታሳዩኝ

ስለ መሬት ውስጥ ራዳር ባወራሁ ቁጥር አንድ ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ ግራፍ ያሳየኛል። «ተመልከት፣ ኤስ ዋን ዋን ከ-10 ዴሲቤል በታች ነው፣ አለቀ!» ወደ ኬብሉ ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ትንሽ ነው ማለቱ ነው። አላለቀም ወዳጄ። የለካኸው አየር ላይ ነው፣ ራዳሩ የሚሠራው አፈር ላይ።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ራዳሩ ሞገድ ወደ መሬት ይልክና ከቧንቧ፣ ከኬብል፣ ከባዶ ቦታ ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ከፍተኛው ጥቃቅኑን ይለያል። ሁለቱንም ስለምንፈልግ የአንቴናው ክንዶች ላይ ፒን ዳዮድ (በኤሌክትሪክ የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ ክፍል) እንደ ስዊች ተክለን ርዝመታቸውን እንቀያይራለን።

«ስዊች ካለው ትንሹ አንቴና የትልቁን ሥራ ይሠራል» የሚሉ አሉ። ስዊች ክንድ ያሳጥራል እንጂ ከሌለበት አያስረዝምም። አንቴና የግማሽ ሞገድ ያህል ርዝመት ይፈልጋል፣ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ ግማሽ ሞገድ አየር ውስጥ 1.5 ሜትር ነው።

«ኃይል ጨምር፣ ይጠልቃል።» በሜትር 20 ዴሲቤል የሚውጥ ሸክላ አፈር ላይ ኃይሉን 10 እጥፍ (ማለትም በ10 ዴሲቤል) ብታሳድጉት፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ፣ ትርፋችሁ 25 ሳንቲሜትር ነው።

«ያልበራ ዳዮድ እንደሌለ ይቆጠራል።» 0.2 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ያለው ዳዮድ ሳይበራም 2 ጊጋኸርዝ ላይ 400 ኦም ገደማ ብቻ ነው፣ ሞገድ ሾልኮ ያልፍበታል። ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገቡት። ዳዮዱን የሚያበራው ቀጭን ሽቦም ራሱ አንቴና ይሆንባችኋል፣ በየመሃሉ ሬዚስተር ጣል አድርጉበት።

አሁን ወደ ግራፉ። አንድ ጊዜ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው አንቴና ሠርተን ሁለቱን የስዊች አቀማመጦች አየር ላይ ለካንና ሳጥኑ ላይ በማርከር «400» እና «900» (ሜጋኸርዝ ማለታችን ነው) ብለን ጻፍን። ኮርተንበት ነበር። ደረቅ አሸዋ ላይ ስናስቀምጠው «900» ያልነው ወደ 600 ወረደ። ውሃ ስናርከፈክፍበትማ ጭራሽ ከ400 በታች ገባ! በማርከር የጻፍነው ሁሉ ውሸት ሆነ። አንቴና አፈር ላይ ሲተኛ ግማሹ አካባቢው አየር፣ ግማሹ አፈር ነው፤ አፈሩ በረጠበ ቁጥር አንቴናው ረዝሞ የተሠራ ያህል ይሆናል። እንግዲህ የስዊቹ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነበር፣ አፈሩ ሲቀየር ክንዱን አሳጥሮ መከተል። እኛ ግን አየር ላይ ቆልፈነው መጣን።

ሌላው ጉድ፣ ግራፍ ለማሳመር ክንዱን በሬዚስተር መሙላት ነው። ኬብሉ ጫፍ ላይ አንድ 50 ኦም ሬዚስተር ብታስሩ ከሁላችንም የበለጠ የሚያምር ግራፍ ይወጣችኋል፣ ወደ መሬት የሚሄድ ነገር ግን የለም። ሬዚስተር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ በልኩ ሲሆን ራዳሩ የላከው አጭር ምት ካለፈ በኋላ አንቴናው እንደ ቃጭል ማቃጨሉን ያቆማል። ይሄንን ደግሞ ኤስ ዋን ዋን ብቻውን አይነግራችሁም፣ ምልክቱ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚደክም ማየት አለባችሁ። ሞገዱ በናኖሰከንድ 10 ሳንቲሜትር በሚሄድበት አፈር ላይ የ4 ናኖሰከንድ ቃጭል የላይኛውን 20 ሳንቲሜትር ይጋርዳል፣ የምትፈልጉት ነገር ደግሞ እዚያው ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ትልቅ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን፣ አሸዋ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። እያንዳንዱን የስዊች አቀማመጥ ደረቁ ላይ፣ እርጥቡ ላይ፣ ከዚያም 2 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ለኩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግራፉን ከዚያ በኋላ ላኩልኝ።