ከትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ «የአንጀት ዝግጅት» ምንድን ነው?

በቸርችል ጎዳና ዳር ካሉት ፋርማሲዎች የሚያስቀምጥ መድኃኒት ገዝቶ የሚወጣ የቀዶ ሕክምና ታካሚ፣ ነገሩን ከኮሶ ጋር እያመሳሰለ «ሆዴ ከታጠበ ንጹሕ ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ማጠብ የዝግጅቱ ግማሽ ብቻ ነው።

በአንድ ግራም የትልቁ አንጀት ይዘት ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ኦክስጅን በሌለበት የሚያድጉ ሲሆኑ፣ በጤናችን ጊዜ ያልተፈጨውን የምግብ ቃጫ እያብላሉ የአንጀቱን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን ያመነጫሉ። አንጀቱ ሲከፈት ግን እነዚሁ ጠቃሚ ነዋሪዎች ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ቁስሉ ከፈሰሱ ከባድ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ።

እንደ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ያለው የሚጠጣ መድኃኒት ሰገራውን ጠርጎ ያወጣል፤ በሚቀረው ፈሳሽና በግድግዳው ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን አይገድላቸውም፤ በርካታ ጥናቶች እንዳሳዩትም ማጠብ ብቻውን የቁስል ኢንፌክሽንን አይቀንስም። በዚህ ምክንያት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒኮልስና ኮንደን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ የሚዋጡ ኒዮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮችን ከማጠቡ ጋር አጣመሩ። ዛሬ በኤሪትሮማይሲን ፈንታ ብዙ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል። እነዚህ እንክብሎች፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት በ60 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ አይተኩም። ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ እልባት አግኝቷል ማለት ግን አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ በትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ጥምሩን ዝግጅት ባደረጉና ምንም ዝግጅት ባላደረጉ ታካሚዎች መካከል የጎላ የኢንፌክሽን ልዩነት አላገኘም።

«ጾመኛ ስለሆንኩ አንጀቴ ባዶ ነው» የሚሉ ታካሚዎችም አሉ። የጾም ማዕዳችን ሽሮ፣ ንፍሮና ቆሎ ቃጫቸው ብዙ በመሆኑ በአንጀት ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭ እንዲያውም ይበዛል፤ ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት ቃጫው አነስተኛ የሆነ ምግብ፣ በዋዜማውም ጥርት ያለ ፈሳሽ መውሰድ ያስፈልጋል። አረጋውያንና የኩላሊት ሕሙማን በማጠቡ ምክንያት የሰውነታቸው ፈሳሽና ጨው ሊዛባ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይሻሉ።

በአገራችን በብዛት የሚታየው የአንጀት መጠማዘዝ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ተጠማዝዞ በተዘጋ አንጀት ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት አንጀቱን እስከ መቅደድ ሊያደርስ ይችላል። ሐኪሙ አንጀቱ እንዳልሞተ ካረጋገጠ፣ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ያስተነፍሰዋል፤ ዝግጅቱም ሆነ ቋሚው ቀዶ ሕክምና ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ይከናወናል።