ኦክሴቶፎን ምንድን ነው?

ኦክሴቶፎን ከሸክላ የሚወጣውን ድምፅ በታመቀ አየር ኃይል የሚያጎላ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለአዳራሽ፣ ለመናፈሻና ለሆቴል ተብሎ የተሠራ ግራሞፎን ነው። ስሙ የተወሰደው «ማሳደግ፣ ማብዛት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ ከሙዚየሞችና ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች በቀር የሚያስታውሰው እምብዛም የለም፤ ሆኖም ነጋዴ ድምፅን በመሣሪያ አጉልቶ ወደ አደባባይ ለማውጣት ያደረገውን ጥረት ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሠራው ፎኖግራፍም ሆነ ኤሚል በርሊነር ከአሥር ዓመት በኋላ ያመጣው ባለ ዝርግ ሸክላ ግራሞፎን፣ ድምፁን የሚያወጡት ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። መርፌዋ በሸክላው ላይ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ ተከትላ ስትንቀጠቀጥ ከእርሷ ጋር የተያያዘውን ስስ ሽፋን ታርገበግባለች፤ ሽፋኑ አየሩን ይነቀንቃል፤ ጡሩምባው ያንን ንቅናቄ ወደ ክፍሉ ያደርሳል። ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ጉልበት ሁሉ የሚገኘው ሸክላውን ከሚያሽከረክረው፣ በእጅ ከሚጠመዘዘው ሞላ ነው። ከዚያም ውስጥ መርፌዋ ላይ የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። በ1889 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሳንቲም እየተቀበለ የሚያዘፍን ፎኖግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠጥ ቤት ሲተከል ደንበኞች ያዳመጡት በጡሩምባ ሳይሆን ጆሯቸው ላይ በሚሰኩት ቱቦ ነበር።

ብዙ ሰው ጡሩምባው ድምፅ የሚጨምር ይመስለዋል። ጡሩምባ ግን ከራሱ የሚጨምረው ጉልበት የለውም። ቡና ለማፍላት ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በባዶ መዳፍ ቢያራግብ ክንዱ ይዝላል እንጂ ፍሙ አይቀላም፤ ማራገቢያውን ሲያነሣ ግን በዚያው ክንድ፣ በዚያው ጉልበት ብዙ አየር ይገፋና ፍሙ ቦግ ይላል። ማራገቢያው ጉልበት አልፈጠረም፤ ባክኖ ይቀር የነበረውን ከአየሩ ጋር አገናኘው እንጂ። ትንሹና ግትሩ የግራሞፎን ሽፋን ባዶ መዳፍ ነው፤ ከጠባብ አንገት ተነሥቶ ቀስ በቀስ የሚሰፋው ጡሩምባ ደግሞ ማራገቢያው ነው።

ስለዚህ የጡሩምባ መጠን ትርጉም ቢኖረውም ወሰን አለው። ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ ስላለው አፉ ሰፊ የሆነ ረጅም ጡሩምባ ይፈልጋል፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። ነገሩን እስከ ጫፍ ለመከተል የደፈረው የለንደን ሳይንስ ሙዚየም በ1929 ያሠራው ጡሩምባ 27 ጫማ፣ ማለትም ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው፤ የአፉም ስፋት በየጎኑ ከ2 ሜትር ያልፍ ነበር። ያ ጡሩምባ ግን ድምፅ የሚቀበለው ከሞላ ሳይሆን ከሬዲዮና ከኤሌክትሪክ ማጉያ ነበር። በ1900 አካባቢ የነበሩ ነጋዴዎች እስከ 56 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ42 ሳንቲም የሚደርስ፣ ለብቻው መቆሚያ የሚያስፈልገው የነሐስ ጡሩምባ ከሚያዘፍኑት ማሽን ፊት ሲገትሩ ድምፁ ከትንሹ ጡሩምባ የተሻለ መሆኑ አይካድም። እንደ እኔ ግምት ግን ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነሐስ መንገደኛውን ያቆመው ከጆሮው ይልቅ በዓይኑ በኩል ነው። ጡሩምባው የቱንም ያህል ቢተልቅ መርፌዋ ያው መርፌ ናት።

መፍትሔው ከሸክላው ውጪ ሌላ የጉልበት ምንጭ ማምጣት ነበር። ኤዲሰን ራሱ ገና በ1870ዎቹ መጨረሻ ድምፅ በሚቆጣጠረው የአየር ወይም የእንፋሎት ግፊት የሚናገር መሣሪያ አስቦ ነበር። ሐሳቡን ወደ ሥራ ያደረሰው ግን፣ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር በአውሮፕላን ፋብሪካ ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ሆራስ ሾርት ነው። ሾርት የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1898 ነው። በነገራችን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀድታ የላከችው በዚያው ዓመት ነበር፤ ያ ድምፅ የተላከው ለአንድ ቤተ መንግሥት ስለሆነ ሰፈር ማናወጥ አላስፈለገውም። የሾርት መሣሪያ የታሰበው ለዚህ ተቃራኒ ነው፤ በ1900 ፓሪስ ውስጥ ከአይፍል ማማ ላይ ሆኖ ወደ ከተማዋ ሙዚቃ እንዲለቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ መብቱን የገዛው የእንፋሎት ተርባይንን ለዓለም ያበረከተው ቻርልስ ፓርሰንስ ነው። በእንፋሎት ቫልቭ ሲፈተን ለኖረ መሐንዲስ የአየር ቫልቭ ባዕድ አልነበረም፤ መሣሪያውን አሻሽሎ ኦክሴቶፎን ያለው እርሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሣጥኑ ግርጌ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ኮምፕሬሰር ያዞራል፤ የታመቀው አየር በቱቦ ወደ ጡሩምባው አንገት ይወጣል። አንገቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጠባብ ክፍተቶች ያሉት ቫልቭ አለ። መርፌዋ እንደ ቀድሞው ሽፋን ከማርገብገብ ይልቅ ይህን ቫልቭ ታንቀሳቅሳለች፤ ክፍተቱ ሲሰፋ አየሩ ይፈስሳል፣ ሲጠብ ይታፈናል፤ የአየሩ ፍሰት የሸክላውን ቦይ መልክ ይይዛል። ሕፃን ልጅ የቧንቧ መክፈቻ አዙሮ በርሜል የሚሞላ ውሃ እንደሚለቅ ሁሉ፣ ደካማዋ መርፌም ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ታዝዛለች። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ምልክት ትልቅ ኃይልን ይቆጣጠር የሚለው ሐሳብ ዛሬ በእያንዳንዱ ማጉያ ውስጥ አለ፤ የተለወጠው አየሩ በኤሌክትሪክ መተካቱ ብቻ ነው።

የአሜሪካው ቪክተር ኩባንያ ኦክሴቶፎንን ከ1906 ጀምሮ በ500 ዶላር ሸጠው። በዚያው ዓመት ያወጣው፣ ለሀብታም ሳሎን የታሰበው ቪክትሮላ የተባለ ግራሞፎን 200 ዶላር ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ደግሞ ከ800 ዶላር ጥቂት ያልፍ ነበር። እንግዲህ ገዢው ቤተሰብ ሳይሆን ደንበኛ መሳብ የሚፈልግ ድርጅት ነው። ጉድለቱም ብዙ ነበር። አየሩ ሲያልፍ የማያቋርጥ የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ ሣጥኑን ከባድ ያደርጉታል፤ ዝግታ በሚሻ ዘፈን ላይ ጩኸቱን ለመቀነስ የሚያስችል እንደ ዛሬው ያለ ማስተካከያም አልነበረውም። ገበያው ጠባብ ሆኖ ቀረ።

አየሩን ከሥራ ያስወጣው ጥቅል ሽቦ ነው። ዴንማርካዊው ፒተር ጄንሰንና አሜሪካዊው ኤድዊን ፕሪድሃም ካሊፎርኒያ ውስጥ ናፓ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሻለ የስልክ ማዳመጫ ለመሥራት ሲደክሙ፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀሰውን ጥቅል ሽቦ ከግራሞፎን ጡሩምባ ጋር አገናኙት። ማይክራፎኑን ሲያቀርቡት መሣሪያው ማፏጨት ጀመረ፤ በሠርግ ድንኳን ማይክራፎን ይዞ ወደ ሞንታርቦው የተጠጋ ሁሉ ያንን ፉጨት ያውቀዋል። ለነገሩ ሞንታርቦ የሚለውን ቃልም ያገኘነው ከአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። ሁለቱ ሰዎች ለፈጠራቸው በላቲን «ታላቅ ድምፅ» ማለት የሆነውን ማግናቮክስ የሚል ስም ሰጡት። በ1915 የገና ዋዜማ ሳን ፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለተሰበሰበ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ንግግርና ሙዚቃ አሰሙበት። በ1919 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሳን ዲየጎ ስታዲየም ውስጥ ለ50 ሺህ ያህል ሰው በዚሁ መሣሪያ ተናገሩ።

ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያጎላው የቫኪዩም ቱቦ ማጉያ ከተስፋፋ በኋላ ድምፅ ማጉያ መኪና ላይ ወጣ፤ ቅስቀሳና ማስታወቂያም በየመንደሩ መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ችግሩ ተገለበጠ፤ ድምፅ ማነሱ ቀርቶ መብዛቱ ለክስ አበቃ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ድምፅ ማጉያን በፖሊስ አዛዥ ፈቃድ ላይ ብቻ ያስመሠረተውን የሎክፖርት ከተማ ደንብ ሲሽር፣ በ1949 ግን የሚያደነቁር ጩኸት የሚያሰሙ መኪኖችን ከመንገድ የከለከለውን የትሬንተን ደንብ አጸናው። ሁለቱም 5 ለ4 የተወሰኑ ናቸው።

ለዓይን የሚሠራው ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ጣጣ አልገጠመውም። ፍራንሲስ ባሮ የሣለው፣ ከጡሩምባ የሚወጣ ድምፅ የሚያዳምጠው ኒፐር የተባለ ውሻ ሥዕል በ1899 ለግራሞፎን ኩባንያ ከተሸጠ ወዲህ የሸክላ ንግድ ዋና መለያ ሆኗል። በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ ከተማ ከ1958 ጀምሮ አንድ የኒፐር ሐውልት በቀድሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማከፋፈያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ቁመቱ 28 ጫማ ሲሆን ክብደቱ 4 ቶን ገደማ ነው። ከታች ሆኖ ቀና የሚል መንገደኛ የሚያየው ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጠውን ውሻ ብቻ ነው፤ ግራሞፎኑ ከጎኑ የለም።