የፈንኩ «ዘ ዋን» ምንድን ነው?

ፈንክ የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ ነው። አንድ የፈንክ ዘፈን ክፈቱና ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ ከአንድ እስከ አራት ቁጠሩ። አራት ላይ ስትደርሱ እንደገና ከአንድ ጀምሩ። ጥቂት ዙር እንደሄዳችሁ ቤዙና ትልቁ ከበሮ፣ ብዙ ጊዜም ጡሩምባዎቹ፣ ተሰብስበው «አንድ» ላይ እንደሚያርፉ ትሰማላችሁ። የፈንክ ሙዚቀኞች ይህችን ምት «ዘ ዋን» ይሏታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጣጣው ያለው ከእሷ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው።

ቀደም ሲል በሪዝም ኤንድ ብሉዝም ሆነ በሮክ ኤንድ ሮል ጎልቶ የሚሰማው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ነበር፤ ታዳሚውም የሚያጨበጭበው እዚያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጄምስ ብራውን በ1965 «ፓፓስ ጎት ኤ ብራንድ ኒው ባግ»ን፣ በ1967 ደግሞ «ኮልድ ስዌት»ን ሲያወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክብደቱን ወደ መጀመሪያው ምት አመጣው። በዚያም አላበቃም፤ ባንዱን በሙሉ እንደ ከበሮ ተጠቀመበት። ጊታሩ ክሩ ታፍኖ «ችክ ችክ» ይላል፣ ጡሩምባው አጭር ነገር ጣል አድርጎ ዝም ይላል፣ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ለረጅም ጊዜ ባለበት ይቆማል። በችክችካ ያደገ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ሊቸገር ይችላል፤ የእኛው በስድስት የሚዞር ሲሆን ይሄ በአራት የሚራመድ ነው። ለአዲስ አበባ ግን ጭራሽ እንግዳ አልነበረም። አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባለው እንዲያው ለሙገሳ ብቻ አይደለም።

በ1970 ብራውን ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን የሲንሲናቲ ልጅ ቡትሲ ኮሊንስን ቤዝ እንዲጫወት ከጊታሪስት ወንድሙ ከካትፊሽ ጋር ቀጠረው። ቡትሲ ጣቱ አያርፍም፤ ቤዙን እንደ ጊታር ያስሮጠው ነበር። ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው፣ ብራውን የጠየቀው ነገር አንዷን ምት እንዲሰጠው ብቻ ነው። እሷን በሰዓቷ ካስረከበ በተቀሩት መካከል ያሻውን ቢያደርግ ችግር የለም። ለእኔ ፈንክ ማለት ይህ ትእዛዝ ነው። ሁሉም የማይቀርበት አንድ ቀጠሮ ካለ፣ እስከዚያው ማንም በፈለገበት ቢዞር አይጠፋም። ብራውን ግን ይህን ነፃነት ለሙዚቃው እንጂ ለሙዚቀኞቹ አልሰጠም፤ የሚሳሳቱትን ገንዘብ ይቀጣቸው ነበር። ቡትሲም አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወጣ።

ጨፋሪውም የሚገዛው በዚያው ትእዛዝ ነው። «አንድ» ላይ እግር መሬት ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍተት ትከሻው፣ ወገቡ፣ ጉልበቱ እንደየስሜቱ ይሞላዋል። በ2014 ማሪያ ዊቴክና ባልደረቦቿ ሰዎችን የፈንክ ከበሮ እያሰሙ ባወጡት ጥናት፣ ምቱ ከመጠን በላይ የተስተካከለ ሲሆንም ከመጠን በላይ የተዘበራረቀ ሲሆንም የመወዛወዝ ፍላጎት እንደሚቀንስ ታይቷል። ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው መሃል ላይ ያለው ነው።

ይህን ሐሳብ ከስቱዲዮ አውጥቶ ለሕዝብ ያዋለው ጆርጅ ክሊንተን ይመስለኛል። በኒው ጀርሲዋ ፕሌይንፊልድ በፀጉር ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ድምፅ እያስማማ ነበር የጀመረው። በኋላ ፓርላመንትና ፈንካደሊክ በሚሉ ሁለት ስሞች አንድ ትልቅ ጭፍራ አቋቋመ። ቡትሲ በ1972 መጣለት፤ በ1975 የብራውን ሳክስፎኒስት ማሴዮ ፓርከርና ትሮምቦኒስቱ ፍሬድ ዌስሊ ተከተሉ። «ዘ ዋን»ም አብራቸው መጣች።

በ1978 ፈንካደሊክ «ዋን ኔሽን አንደር ኤ ግሩቭ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ የተቀዳው ዲትሮይት፣ ዩናይትድ ሳውንድ ስቱዲዮ ነው። ርዕሱ የአሜሪካ ተማሪዎች ለባንዲራ ከሚገቡት ቃል የተወሰደ ነው፤ እዚያ «በእግዚአብሔር ሥር ያለች አንዲት አገር» ሲባል፣ እዚህ በእግዚአብሔር ፋንታ ግሩቩ፣ ማለትም የሚያስጨፍረው የምት ፍሰት፣ ገባ። ፔድሮ ቤል በሣለው ሽፋን ላይም ሰዎች በምድር ሉል አናት «አር ኤንድ ቢ» (ሪዝም ኤንድ ብሉዝ ሲያጥር) የሚል ባንዲራ ይተክላሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ አሥር ዓመት ሆኗል፤ ዲትሮይትም ከ1967ቱ ሁከት አላገገመችም። ያ የባንዲራ ቃል ለጥቁር አሜሪካዊ ምን ያህል እውነት እንደነበር መገመት አይከብድም።

የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ግን አይሰብክም። ከሰባት ደቂቃ በላይ ይዘልቃል፤ ጭብጨባው ይገባል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል። መሪ ዘፋኙን ልለይ ብትሉ ትቸገራላችሁ። ሁሉም በየፊናው ይሄድና «አንድ» ላይ ይገናኛል። ከተጨናነቅንበት እየጨፈርን እንውጣ የሚለው መልእክቱ ከአጨዋወቱ የተለየ አይደለም፤ ያቺን ባለ ግሩቭ አገር በሰባት ደቂቃ ውስጥ አቁመው ያሳያሉ። ዘፈኑ በአር ኤንድ ቢ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 6 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዋናው የፖፕ ሰንጠረዥ ግን ከ28ኛ አልዘለለም፤ የሬዲዮው ገበያ እንደ ሰፈሩ በጥቁርና በነጭ የተከፋፈለ ነበርና። ባንዱም ይህን አልሳተውም፤ በዚያው አልበም የፈንክ ባንድ ሮክ መጫወት አይችልም ያለው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን አለ። መልሱን የሚሰጠው የማይክል ሃምፕተን ጊታር ነው።

እዚያው ጭፍራ ውስጥ ግን አንድነቱ ይህን ያህል አልጸናም። ከፕሌይንፊልድ ጀምሮ ከክሊንተን ጋር የነበሩት ሦስቱ ዘፋኞች፣ ፈዚ ሃስኪንስ፣ ካልቪን ሳይመንና ግሬዲ ቶማስ፣ በገንዘብና በአስተዳደር ጉዳይ ተቀያይመው በ1977 ወጥተዋል። ስለዚህ ስለ አንዲቱ አገር የሚዘፍነው አልበም የወጣው እነሱ በሌሉበት ነው። በ1981 ሦስቱ የራሳቸውን አልበም አወጡ፤ ሽፋኑ ላይ የጻፉትም «ፈንካደሊክ» የሚለውን ያንኑ ስም ነበር።