ጠዋት 118፣ የሦስት ወሩ 8፦ የቱን ልመን?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስኳር ያለብን ሰዎች ቡና ላይ ስንገናኝ ይህቺ ጥያቄ ሳትነሳ አትቀርም። ትናንትም አንዲት ጎረቤቴ ሁለት የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው መጡ። "ጠዋት 118፣ ይሄኛው ደግሞ 8 ይላል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?"

ኧረ ደህና ነው፣ እማማ።

ጠዋት ሳይበሉ የሚለኩት የዚያችን ሰዓት ስኳር ነው። የሦስት ወሩ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ሌላ ነው። ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል፣ ሴሉ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ምርመራው ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። 8 በመቶ ማለት በአማካይ 183 አካባቢ ነው። ጠዋት 118 ከሆነ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከምግብ በኋላ ካለው ነዋ! እማማ ምሳ በልተው ለክተው አያውቁም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካ 241። ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ላዩ ላይ ስኳር ያለው ሻይ።

ለኤዋንሲ ባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም፤ በባዶ ሆድ ታክሲ መሰለፍ ትርፉ ድካም ነው። ዋዜማውን ጣፋጭ መተውም አያታልለውም።

ከሰው ሰው የሚለያየው ግቡ ነው። ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በታች ይባላል፤ ለአረጋውያን ወይም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል። ደም ማነስ ካለ ወይም በቅርቡ ደም ተሰጥቶን ከሆነ ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ቀድሞ መናገር ነው።

እማማ ኪኒናቸውን በራሳቸው ሊጨምሩ ነበር። አሁን 241ዱን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጽፈው ለሐኪማቸው ሊያሳዩ ተስማምተናል።