«ኩላሊቴን ሰጥቼ እንዴት እኖራለሁ?» እና ሌሎች ስለ ንቅለ ተከላ የምንሰማቸው ነገሮች

ሐኪም «ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል» ካለበት ቀን ጀምሮ ቤቱ በወሬ ይሞላል። ጎረቤቱም ዘመዱም የሰማውን ይዞ ይመጣል። ከሚባለው ውስጥ ብዙው ልክ አይደለም።

«ኩላሊቱን የሰጠ ሰው ዕድሜው ያጥራል።» ልጇ ለወንድሙ ሊሰጥ ሲነሳ «ሁለቱንም ልጣ?» ብላ የምታለቅስ እናት አይፈረድባትም። ግን ሮናልድ ሄሪክን እንይ። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ለመንትያ ወንድሙ ኩላሊቱን ሰጠ፤ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላም ያ ነበር። ሮናልድ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል። የቀረው ኩላሊት ትንሽ ተለቅ ይልና የጓደኛውንም ሥራ በከፊል ይሸከማል። ለጋሹ አስቀድሞ ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ሽንቱ፣ ደሙ የሚመረመረውም ለዚህ ነው። አደጋ የለውም አልልም። ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዚያም በኋላ ክትትል ይፈልጋል። ደግሞ ማንም ዘመድ ተጭኖት መስጠት የለበትም። «አልችልም» ማለት መብቱ ነው።

«ውጭ አገር ካልተሄደ አይሆንም።» አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል።

«የታመመው ወጥቶ አዲሱ በቦታው ይገባል።» አብዛኛውን ጊዜ የድሮዎቹ አይነኩም። አዲሱ የሚቀመጠው ከፊት፣ ከእምብርት በታች ወደ ጎን ነው። እጅ ሲያርፍበት ይዳሰሳል።

«ከተተከለልኝ በኋላ ድኛለሁ፤ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት የራሴ ነው ብሎ አይቀበለውም። ዓመታት ቢያልፉም ሊያጠቃው ይነሳል። የሚይዘው መድኃኒቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ይዋጣል። ታክሮሊመስ የሚባለው፣ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚይዘው መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት። ስልክ ላይ ደወል ሙሉ። ለታክሮሊመስ መጠን ደም የምትሰጡ ቀን ግን የጠዋቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ዋጡት። አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል።

«ምንም አያመኝም» ማለትም ዋስትና አይሆንም። ኩላሊቱ እየተጠቃ ሕመም ላይሰማ ይችላል። መጀመሪያ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በደም ምርመራ ላይ ከፍ የሚለው ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ነው። መጾም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ጸበልም የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይዋጥ። «ኩላሊት ያጥባል» የተባለ ሥራ ሥር ግን ሐኪም ሳያውቀው አይነካ። የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ሊያዛባ፣ አንዳንዱም ኩላሊቱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

«ከዚህ በኋላ መውለድ የለም።» ብዙ ሴቶች ወልደዋል። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት ያስፈልጋል፤ ፅንስ የሚጎዱ መድኃኒቶችም አስቀድመው መቀየር አለባቸው። ስለዚህ ከማርገዛችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ።