የነዋሪዎች አማካሪ ኮሚቴ ምንድን ነው?

«ኮሚቴው ተስማምቷል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ተስማምቷል።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ግንባታ ሲያወራ እንዲህ አለ። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

አማካሪ ኮሚቴ ያማክራል። አለቀ። መሬት አይሰጥም፣ አይነሳም፣ ማኅተም አይመታም። የሚወስነው አስተዳደሩ ነው፤ ተጠያቂውም እሱው። የኮሚቴው ሥራ የሰፈሩን እውቀት ፕላኑ ውስጥ ማስገባት ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ «ባዶ» የተባለው ቦታ የማን የጤፍ ማሳ እንደሆነ ከሳተላይት ምስል አይገኝም።

ሽማግሌ መላክን አስቡት። ሽማግሌዎች ቃል ይወስዳሉ፣ ቃል ያመጣሉ። ልጅቷን የሚድረው ግን ቤተሰቡ ነው። «ለመጪው እሑድ ተመለሱ» ሊባሉም ይችላሉ፤ ይመለሳሉ። ደህና ሽማግሌ የላከውን ሰው ደስ ለማሰኘት መልሱን አያጣፍጥም። ታዲያ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠጁ ተጥሎ፣ ሙሽራው ሱፉን ለብሶ ሲያበቃ ሽማግሌ ቢላክስ? በከተማዋ ዳርቻ የማየው ምክክር ብዙው እንዲህ ነው። ችካሉ ተተክሏል፣ ግሬደሩ ገብቷል፣ ከዚያ ኮሚቴው ለስብሰባ ይጠራል።

ተንታኙ የዘለለው ይህን ነው፤ ኮሚቴው መቼ ተጠየቀ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የከተማ ፕላን አዋጁም (ቁጥር 574/2000) ሕዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይጠይቃል። በዝግጅት፤ በምረቃ አይደለም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያጣምር የነበረውን ማስተር ፕላን አስታውሱ። በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሳበት፣ ሰው ሞተ፣ በጥር 2008 ተሰረዘ። ከቀረቡበት ወቀሳዎች አንዱ «ማን ጠየቀን?» የሚል ነበር።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሙያ አመል ነው። መዋቅራዊ ፕላን የሚያሳየው ጥቅል የመሬት አጠቃቀምንና ዋና ዋና መንገዶችን ነው። ወደ ሰፈርና ወደ ብሎክ የሚወርደው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ስለዚህ «ኮሚቴውን አማክረናል» ሲባል በየትኛው ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ቀለበት መንገድ ሐሳብ የሰጠ ሰው ስለ ጎረቤቱ አጥር ሐሳብ ሰጠ ማለት አይደለም።

ኮሚቴው ውስጥ እነማን እንደተቀመጡም እዩ። ብዙ ጊዜ ካርታ ያላቸው የቤት ባለቤቶች ናቸው። ተከራዩ የለም። በአባቱ ስም ባለ ማሳ ላይ የሚያርሰው ወጣትም የለም።

ደግሞ ያቺ ወረቀት! ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ስብሰባው ገና ሳይጀመር ከወንበር ወንበር ትዞራለች። ሰው የሚፈርመው መገኘቱን ለማሳየት ነው። በኋላ ግን «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር በስቴፕለር ተያይዛ ትገኛለች። ከወረቀቷ አናት ላይ ርዕስ ከሌለ «የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉና ፈርሙ። ቃለ ጉባኤው ላይ የምትፈርሙት ተነቦላችሁ ሲያበቃ ነው። የተቃወመም ካለ ስሙና ምክንያቱ ይስፈር።