እንግሊዝኛ የሚችል ሁሉ ረጅም ቃል አያገኝም

ጨዋታው ቀላል ነው። ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሰጡሃል፤ ከእነሱ የምትችለውን ያህል ረጅም ቃል ታወጣለህ። ስክራብል የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ የጋዜጣና የስልክ እንቆቅልሾችም እንደዚያው። ስጫወተውም ሳስተምረውም ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ «ተወኝ ባክህ፣ እንግሊዝኛዬ አይረባም» የሚል ሰው ግን አጥቼ አላውቅም። ከእሱ የሚብሰው እንግሊዝኛው የሚረባው ነው። ደረቱን ነፍቶ ይቀመጥና በሦስተኛው ዙር ፊቱ ይጠቁራል።

«ዋናው ቋንቋውን መቻል ነው»

አይደለም። ኒው ዚላንዳዊው ናይጅል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር። የቃላቱን ዝርዝር ሸምድዶ ገባ፣ ዋንጫውን ይዞ ወጣ። በ2024 ደግሞ በስፓኒሽኛ ያንኑ ደገመው። ይህን ስነግራቸው «እሱማ ሌላ ፍጡር ነው» ይሉኛል። እሺ፣ እሱን እንተወው።

አንድ ጊዜ እንግሊዝኛ በመተርጎም የምትተዳደር ሴትና አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጬ ስምንት ፊደላት ሰጠኋቸው፦ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ አር፣ ቲ። ሴትዮዋ ፊደላቱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከምታውቀው የቃል ባሕር ውስጥ አንዱ ብቅ እስኪል ትጠብቃለች። ልጁ ግን ሦስቱን ፊደል፣ አይ-ኤን-ጂን፣ በጣቱ ወደ ቀኝ ገፋቸው። የእንግሊዝኛ ግሥ ስንት ጊዜ በእነሱ እንደሚያልቅ ከክፍል ያውቃል። የቀሩት አምስት ናቸው፦ ኤ፣ ኢ፣ ኤል፣ አር፣ ቲ። አምስት ፊደል ማገላበጥ ማንንም አይከብድም፤ «ኦልተሪንግ» (መለወጥ)፣ «አለርቲንግ» (ማስጠንቀቅ)፣ «ሪሌቲንግ» (ማዛመድ) ተከታትለው ወጡለት። ሦስቱንም ቃላት ሴትዮዋ ከልጁ በተሻለ ታውቃቸዋለች። ያላወቀችው የት እንደምትቆርጣቸው ነው።

ስለዚህ ቃሉን አትፈልግ፤ ጫፎቹን ፈልግ። በትምህርት ቤት ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ያልናቸው ነገሮች በእንግሊዝኛም አሉ፤ ረጅም ቃል ማለት ብዙውን ጊዜ አጭር ቃል ከነጓዙ ነው። ከፊት ዩ-ኤን፣ አር-ኢ፣ ዲ-አይ-ኤስ፤ ከኋላ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲ፣ ኤል-ዋይ፣ ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤን። አሥሯን ያህል በቃል ያዝ፤ ፊደላት ሲሰጡህ መጀመሪያ እነሱን ነጥለህ ዳር አስቀምጥ።

ግን እዚያው አትቸንከር። እኔ ራሴ ስክራብል ስጫወት እነዚያኑ ስምንት ፊደላት ይዤ ተበልቻለሁ። ሰባቱ በእጄ፣ ኤል በሰሌዳው ላይ፤ ከኤሉ በኋላ የቀረው አንድ ባዶ ቤት ብቻ ነው። በአይ-ኤን-ጂ የሚያልቀው ሁሉ ኤልን ከመነሻው አካባቢ ስለሚፈልግ አይገባም። እኔ ግን ሦስቱን ፊደላት አጣብቄ ይዤ ቀረሁ። ብበትናቸው ኖሮ «ትራያንግል» (ሦስት ማዕዘን) ልክክ ብሎ ይገባ ነበር። «ኢንተግራል»ም ይገባ ነበር። ሰባቱንም ፊደል ባንዴ ላወረደ የሚሰጠው 50 ነጥብ ዓይኔ እያየ አመለጠኝ።

«ፊደላቱን ጮክ ብለህ ስታነባቸው ቃሉ ይመጣል»

የእኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ስለያዘ ይህ ልማድ ይገባኛል። እንግሊዝኛ ግን እንደ ተጻፈ አይነበብም። «ኪው» ተብሎ የሚነበበው፣ ሰልፍ ማለት የሆነው ቃል በአምስት ፊደል ነው የሚጻፈው (ኪው-ዩ-ኢ-ዩ-ኢ)፤ አይ-ኤን-ጂ ሲጨመርበት ደግሞ አምስት አናባቢ ባንድ መስመር ይደረደራል። ጆሮህን ተከትለህ እዚያ አትደርስም።

«ቃል የሚያወጣው ኮምፒዩተር ሁሉንም አማራጭ እየሞከረ ነው»

ስምንት የተለያዩ ፊደላት በ40,320 መንገድ ይደረደራሉ፤ ኮምፒዩተር ይህን መሞከር አያቅተውም። ግን የተሻለ ዘዴ አለ፦ የመዝገበ ቃላቱን ቃል ሁሉ አስቀድሞ ፊደላቱን በኤ-ቢ-ሲ ተራ ያሰልፋል። ከላይ ከስምንቱ ፊደላት የወጡት አምስቱም ቃላት ሲሰለፉ አንድ መልክ ይይዛሉ፤ ያንተም ፊደላት ይሰለፉና መልኩ የሚገጥመው ይወጣል።

«ያለ ዩ የኪው ፊደል አይሠራም፣ ያለ አናባቢም ቃል የለም»

ለጫት ከሚጻፉት ስሞች አንዱ ኪው-ኤ-ቲ ነው፤ ዩ የለበትም፣ በስክራብልም ይቆጠራል። «ሪዝምስ» (ምቶች) ሰባት ፊደል ነው፤ ከአምስቱ አናባቢዎች አንድም የለበትም፣ ዋይ ሥራቸውን ይሠራል።

«ረጅም ከተባለ ያ የሳንባ በሽታ ስም ነው»

45 ፊደል ያለውን «ኒውሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ»ን ማለታቸው ነው። በ1935 የአሜሪካ የእንቆቅልሽ ተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ለርዝመቱ ብለው የፈጠሩት ቃል ነው። ያን ሁሉ ፊደል ማን ይሰጥሃል? መደነቅ ከፈለግክ «አንኮፒራይተብል»ን ጻፈው፤ 15 ፊደል፣ አንዱም አይደገምም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ጥያቄውን ባለማንበብ ነው። «እነዚህን የያዘ» እና «ከእነዚህ ብቻ የተሠራ» ለየቅል ናቸው። አምስቱን አናባቢዎች የያዘ ቃል አምጡ ስል አምስቱን ፊደል ይዘው ሲታገሉ ያመሻሉ። መጨመር ተፈቅዷል እኮ! «ኤዱኬሽን» (ትምህርት) አምስቱንም ይዟል። «ፈሲሸስ» (ቀልደኛ) በኤ-ኢ-አይ-ኦ-ዩ ተራ፣ «ሰብኮንቲኔንታል» (የክፍለ አህጉር) ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ይዘዋቸዋል። ከመጀመርህ በፊት ሌላ ፊደል መጨመር፣ የተሰጠውን መድገም፣ ተራውን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ።

መለማመጃ ከፈለግክ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ። ሰባቱንም የሚጠቀሙ ከስምንት የማያንሱ ቃላት አሉ። ኤስን መጨረሻ ላይ አስቀምጠህ ጀምር፣ ቢያንስ ሁለት ታገኛለህ፤ ከዚያ አንሣትና አይ-ኢ-አርን አስቀምጥ።